አንቲቦዲው የያዘው ማንን ነው?

ይህችን አሳብ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ስነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል። የሰውን ስሕተት ለመቁጠር የሚነሣ ጸሐፊ ከራሱ ቢጀምር አንባቢም ይታገሠዋል።

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነ ሁሉ አንድ የምርምር ጽሑፍ አዘጋጅቶ በመምህራኑና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል። እኔ ለዚህ ሥራ የመረጥሁት ኑክሊዮፎስሚን የሚባለውን፥ በቀድሞ ስሙም ቢ 23 ተብሎ የሚጠራውን የኑክሊዮለስ ፕሮቲን ነበር። የመረጥሁበትም ምክንያት፥ እውነቱን ለመናገር፥ ትልቅ ጥያቄ ኖሮኝ ሳይሆን በአንድ ፍሪዘር ጥግ ይህን ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል የተባለ የአንቲቦዲ ብልቃጥ ስለ ተገኘ ነው። ብልቃጧ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። ማን እንዳመጣት፥ መቼ እንደ ተከፈተች፥ መብራት በጠፋ ቁጥር ስንት ጊዜ ቀልጣ ስንት ጊዜ ተመልሳ እንደ ረጋች የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ከሌላ ሰው ሥራ የተረፉ፥ የሰው ሕዋስ የተጣበቀባቸው ስላይዶች ለምኜ አገኘሁና አንቲቦዲውን አፈሰስሁባቸው፤ ቀጥሎም አረንጓዴ የሚያበራውን ሁለተኛውን አንቲቦዲ ጨመርሁ፤ አጠብሁ፤ ማይክሮስኮፑን አበራሁ።

በዚህ በማባዣ በሚታተም ወረቀት ሥዕል ማውጣት ስለማይቻል ያየሁትን በቃል ልግለጸው። በጨለማ ውስጥ የተበተኑ ክብ ክብ ኑክሊየሶች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸውም ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት አረንጓዴ ፍሞች ተተክለው ይታያሉ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ይመስላል። እንዲያውም ከመጽሐፉ ይበልጥ ያምራል። ሥዕሉን ትልቅ አድርጌ አቀረብሁ፥ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ መምህር እጃቸውን አነሡና፥

«የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ጨርሶ ሳትጨምር፥ ሁለተኛውን ብቻ አድርገህ ብትሠራው ምን ታይ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«መምህር፥ አንቲቦዲው ጥቂት ስለሆነ ለዚያ አልበቃኝም» አልሁ።

«የምጠይቅህ እኮ ያን ጥቂቱን ሳትጨምር ስለምትሠራው ነው» አሉኝ። አዳራሹ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፥ ግን ሣቁ አንጀቴ አልገባም።

በማግሥቱ ሄጄ ሠራሁት። አረንጓዴዎቹ ፍሞች እዚያው ነበሩ! ትንሽ ደብዘዝ ከማለታቸው በቀር ቦታቸውም ቅርጻቸውም ያው ነው። ይህ ማለት የተጨበጨበለት ብርሃን ቢያንስ አብዛኛው የመጣው ከኑክሊዮፎስሚን ሳይሆን ሁለተኛው አንቲቦዲ በራሱ ፈቃድ በኑክሊዮለስ ላይ ስለ ተለጠፈ ነው። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ከነጭራሹ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እኔ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ጽሑፌን መልሼ ወሰድሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኑክሊዮለስ አዲስ ግኝት አይደለም። ፌሊቼ ፎንታና የተባለ ኢጣልያዊ በ1781 እባብ ከሚመስለው ዓሣ ቆዳ በወሰደው ሕዋስ ውስጥ አይቶ ሥሎታል። በኑክሊየስ ውስጥ የተቀመጠ ጥቅጥቅ ያለ ነጥብ ነው፤ በዙሪያው ቆዳ ወይም ግድግዳ የለውም። ባርባራ ማክሊንቶክ በ1934 በበቆሎ ላይ ባደረገችው ምርምር ይህ ነጥብ የሚበቅለው ከአንድ ከተወሰነ የክሮሞሶም ሥፍራ መሆኑን አሳየች። ምን እንደሚሠራ ግን እስከ 1960ዎቹ ድረስ በግልጽ አልታወቀም ነበር። በ1964 ዶናልድ ብራውንና ጆን ገርደን ኑክሊዮለስ ሳይኖራቸው የተጸነሱ የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት ሽሎችን መርምረው፥ እነዚህ ሽሎች የራይቦሶምን አር.ኤን.ኤ. ከቶ መሥራት እንደማይችሉ አረጋገጡ። እንግዲህ ኑክሊዮለስ የራይቦሶም መሥሪያ ቤት ነው። ራይቦሶም ደግሞ ፕሮቲን ሁሉ የሚሠራበት መሣሪያ እንደ መሆኑ መጠን፥ በማደግ ላይ ያለ ሕዋስ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠሩ የራይቦሶም ክፍሎችን ያወጣል። ሕዋሱ ለመከፈል ሲነሣ መሥሪያ ቤቱ ይፈርሳል፤ ከተከፈለ በኋላ በሁለቱም ልጆች ውስጥ እንደገና ይተከላል።

በዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ሠራተኞች አንዱ ቢ 23 ነው። ስሙ እንግዳ ይመስላል፥ ታሪኩ ግን ቀላል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቴክሳስ፥ ሂውስተን ከተማ የሐሪስ ቡሽ ላቦራቶሪ ሰዎች የኑክሊዮለስን ፕሮቲኖች በጄል ላይ በሁለት አቅጣጫ በታትነው ነጠብጣቦቹን በክፍልና በቁጥር መዘገቧቸው። ቢ በተባለው ክፍል ሃያ ሦስተኛ የሆነው ነጠብጣብ ቢ 23 ተባለ፤ ሲ በተባለው ክፍል የነበረው ጎረቤቱ ሲ 23፥ ዛሬ ኑክሊዮሊን የሚባለው ሆነ። የመዝገብ ቤት ሹም እኛን ተማሪዎችን በመታወቂያ ቁጥራችን እንደሚጠራን ማለት ነው። ቁጥሩ ማን መሆናችንን አይናገርም፥ ግን አያሳስትም።

ይህ ፕሮቲን 294 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ አምስት አምስት እየሆነ ተያይዞ ይኖራል። ሥራው አንድ አይደለም፥ አስቸጋሪም የሚያደርገው ይህ ነው። ራይቦሶም ሲገጣጠም ይረዳል፤ የተሠራውንም ወደ ውጭ በማውጣት ይተባበራል። ሌሎች ፕሮቲኖች፥ ይልቁንም ሂስቶኖች፥ ያለ ቦታቸው እንዳይጣበቁ እንደ ሞግዚት ይይዛቸዋል። ለረጅም ጊዜ ከኑክሊዮለስ የማይወጣ ነዋሪ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በ1989 በኑክሊየስና በሳይቶፕላዝም መካከል ሲመላለስ የሚኖር መንገደኛ መሆኑ ታወቀ። በ2000 ደግሞ ከሴንትሮሶም ጋር ያለው ጉዳይ ተገለጠ፤ ሕዋሱ ሴንትሮሶሙን በእጥፍ የሚያባዛበት ሰዓት ሲደርስ ቢ 23 በፎስፌት ምልክት ይደረግበትና ከሴንትሮሶሙ ይለቃል። ሴንትሮሶም ከሁለት ከበለጠ ክሮሞሶሞች ወደ ሦስትና ወደ አራት አቅጣጫ ስለሚጎተቱ የሕዋሱ ሀብት ያለ ሥርዓት ይከፋፈላል። ኤ.አር.ኤፍ. የተባለውንም የዕጢ ተከላካይ ፕሮቲን በኑክሊዮለስ አስቀምጦ ከመፍረስ ይጠብቀዋል። በ2005 የዚህ ፕሮቲን ጂን ጨርሶ የጠፋባቸው የአይጥ ጽንሶች ሳይወለዱ በማኅፀን እንደሚሞቱ ታየ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በ2016 የወጣው ሥራ ነው። ኑክሊዮለስ ቆዳ ሳይኖረው ለምን አይበተንም? ለምንስ ውስጡ ክፍል ክፍል ሆኖ ይኖራል? መልሱ ዘይትና ውሃ የማይቀላቀሉበት ዓይነት ነገር ሆኖ ተገኘ። ፋይብሪላሪን የተባለው ፕሮቲን አንድ ዓይነት ጠብታ ይሠራል፤ ኑክሊዮፎስሚን ሌላ ዓይነት ጠብታ ይሠራል፤ ሁለቱን በመስተዋት ላይ ብታገናኟቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል እንጂ አይዋሐድም። በሕያው ሕዋስም ፋይብሪላሪን በውስጠኛው፥ ኑክሊዮፎስሚን በውጭኛው ክፍል ይገኛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ? ፕሮቲን በዓይን አይታይም። ሰዎች ያዩት አብዛኛውን ጊዜ በአንቲቦዲ ነው፤ የእኔም ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንቲቦዲ ማለት ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት ያን ነገር ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አልበርት ኩንስና ጓደኞቹ በ1941 በአንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም ማሰር እንደሚቻል አሳዩ። በ1975 ደግሞ ኬለርና ሚልስታይን በካምብሪጅ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያለ ማቋረጥ የሚሠራ የሕዋስ ዘር የሚገኝበትን ዘዴ አወጡ። ከዚያ ወዲህ አንቲቦዲ የንግድ ዕቃ ሆነ። የፋይብሪላሪን ታሪክ ግን ከነጋዴ አልመጣም። ስክሌሮደርማ የተባለው ቆዳ የሚያደርቅ በሽታ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የገዛ ኑክሊዮለሳቸውን የሚይዝ አንቲቦዲ ይገኛል። ሊቃውንቱ በ1985 የእነዚህን ሕሙማን ደም ተጠቅመው ነው ፋይብሪላሪንን ለይተው ያገኙትና ስም ያወጡለት። የሰው ሕመም ለሌላው ዓይን ሆነ ማለት ነው። በየመጽሐፉ ላይ ያለውን ባለ ቀለም ሥዕል ስናይ ይህን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን?

እንግዲህ አንቲቦዲ የሚይዘው ሙሉውን ፕሮቲን ሳይሆን ከፕሮቲኑ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ነው። ያችን ቁራጭ የምትመስል ሌላ ቁራጭ በሌላ ፕሮቲን ላይ ካገኘ ያንንም ከመያዝ አይመለስም፤ ስም አይጠይቅም። እኛ ግን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ስም አንብበን «ይህ ያበራው ኑክሊዮፎስሚን ነው» ብለን እንጽፋለን። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የሻጩ ተስፋ ነው፤ ማስረጃው ከእኛ ይጠበቃል።

ደግሞም ኑክሊዮለስ በተለይ አታላይ ሥፍራ መሆኑን ከራሴ ውድቀት በኋላ ተማርሁ። አር.ኤን.ኤ.ና ፕሮቲን በአንድ ላይ የታጨቁበት ቦታ ስለሆነ ጥራት የሌለው አንቲቦዲ ብዙ ጊዜ እዚያ ሄዶ ይለጠፋል። በተቃራኒው ደግሞ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ ጥሩው አንቲቦዲ ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት ተስኖት ዳርዳሩን ብቻ እንደ ቀለበት የሚያበራበት ጊዜ አለ፤ ተማሪው ግን «ፕሮቲኑ በዳር ይኖራል» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ አንድ ሰው የኑክሊዮለስ ፕሮቲን እንዳየ የሚነግረን ከሆነ ከሌላው ሁሉ አስበልጠን ልንጠይቀው ይገባል። እኔን የጠየቀኝ ግን ከአንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2015 ከመቶ የሚበልጡ ሊቃውንት ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በአንድነት ፈርመው ባወጡት ጽሑፍ፥ በዓለም ላይ ጥራት በሌላቸው አንቲቦዲዎች ምክንያት በየዓመቱ 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል በከንቱ እንደሚጠፋ ገምተዋል። በ2023 የወጣ ሌላ ምርመራ ደግሞ 65 ፕሮቲኖችን ለመያዝ የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን አንድ በአንድ ፈተነ። አፈታተኑ ቀላል ነው፤ ፕሮቲኑ ያለበትን ሕዋስና ጂኑ ተቆርጦ የወጣለትን፥ ማለት ፕሮቲኑ ጨርሶ የሌለበትን ሕዋስ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። ፕሮቲኑ በሌለበትም የሚያበራ አንቲቦዲ ሐሰተኛ ምስክር ነው። ከተፈተኑት ብዙዎቹ ወደቁ። የሚያሳዝነውም በወደቁት አንቲቦዲዎች የተሠሩ፥ ታትመው የወጡና ሌሎች የሚጠቅሷቸው ጽሑፎች ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ አሥራ ሁለት ያህል መሆናቸው ነው። እኔ የተጨበጨበልኝ በአንድ አዳራሽ ነው፤ እነዚያ የተጨበጨበላቸው በመላው ዓለም ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ጉዳይ በምግብ ቤት ሳወራው «አንተ ወንድሜ፥ ለገበሬው ኑክሊዮለስ ምን ይሠራለታል? ይህ የፈረንጅ ሥራ ፈትነት ነው» አለኝ። ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ባይነሣም ቅር ይለኛል። መልሱንም ከዚሁ ከኑክሊዮፎስሚን ታሪክ አገኘሁት።

በኢጣልያ፥ ፔሩጂያ ከተማ ብሩኖ ፋሊኒ የተባሉ ሐኪምና ጓደኞቻቸው አጣዳፊ የደም ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች መቅኒ በአንቲቦዲ እየቀለሙ ይመረምሩ ነበር። በጤናማ ሕዋስ ኑክሊዮፎስሚን በኑክሊየስ ውስጥ ይታያል። በብዙ ሕሙማን መቅኒ ውስጥ ግን ከኑክሊየስ ወጥቶ ሳይቶፕላዝሙን ሞልቶት አገኙት። በ2005 ባወጡት ጽሑፍ ከሌላ በሽታ ወይም ሕክምና ሳይነሣ በራሱ የመጣ አጣዳፊ የማየሎይድ የደም ካንሰር ካለባቸው 591 ሕሙማን በ208ቱ ላይ፥ ማለትም ከመቶ 35 በሚያህሉት ላይ ይህ ነገር ታየ። ምክንያቱን ሲፈልጉ በጂኑ መጨረሻ አካባቢ ጥቂት ፊደላት ገብተው አገኙ፤ ብዙውን ጊዜ አራት ፊደላት ብቻ ናቸው። በእነዚህ ምክንያት የፕሮቲኑ ጅራት ይለወጣል፤ በኑክሊዮለስ ውስጥ የሚያስቀምጡት ሁለት ትሪፕቶፋኖች ይበላሻሉ፤ በምትካቸውም «ወደ ውጭ አውጡኝ» የሚል ምልክት ይፈጠራል። የተበላሸው ፕሮቲን ጤነኛውንም ይዞት ይወጣል። ዛሬ ይህ ለውጥ መኖሩና አለመኖሩ ሐኪሙ ሕክምናውን የሚመርጥበት አንዱ ምልክት ነው።

ልብ በሉ፥ ጂን የሚያነብ ውድ መኪና በሌለበት ሥፍራ አንድ የፓቶሎጂ ባለ ሙያ በተራ ማይክሮስኮፕና በአንድ አንቲቦዲ ይህን ለውጥ ሊጠረጥር ይችላል። ይህ ለእንደኛ ላለ አገር ቀላል ነገር ነውን? ነገር ግን ያ አንቲቦዲ እንደ እኔ ብልቃጥ ያለ ቢሆንስ? ወጥቶ ያልወጣ፥ ሳይወጣ የወጣ ቢያስመስልስ? ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጭብጨባ አይደለም፤ በሰው ላይ የሚወሰን ሕክምና ነው። የኢጣልያዎቹም ብልሃት ይህን አልዘነጋም። ከኑክሊዮፎስሚን ጎን ጎረቤቱን ኑክሊዮሊንን፥ ያን ሲ 23 የተባለውን፥ አብረው ቀለሙ። ኑክሊዮሊን በኑክሊየስ ውስጥ ተቀምጦ ኑክሊዮፎስሚን ብቻ ከወጣ ነገሩ እውነት ነው፤ ሁለቱም በአንድነት ከወጡ ግን የተበላሸው ስላይዱ ነው። ኮንትሮል ማለት ይኸው ነው። እንዲያውም አንቲቦዲው የሚይዘው የትኛውን የፕሮቲኑን ጫፍ እንደሆነ ማወቅም ግድ ነው፤ ጤናማውን ጅራት ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ጅራቱ የተለወጠውን ፕሮቲን ከቶ አያየውም፤ ሐኪሙም «የለም» ብሎ ይጽፋል። እኔ ለራሴ ብልቃጥ የትኛውን ጫፍ እንደሚይዝ ሳላነብ ነው ሦስት ወር የሠራሁበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ይህ ነው። «ሦስት ጠብታ ብቻ ያለው ሰው ለኮንትሮል ማዋል አይችልም፤ ይህ የሀብታም ሥርዓት ነው» ይላሉ። እኔም በዚያ አዳራሽ የተናገርሁት ይህንኑ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሀብታሙ ቢሳሳት በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ብልቃጥ ያዝዛል፤ እኛ ብንሳሳት ሌላ ብልቃጥ እስኪመጣ ድረስ የሚቀጥለው ተማሪ ይመረቃል። የመጀመሪያው አንቲቦዲ የሌለበት ስላይድ ደግሞ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ አይፈጅም፤ መምህሩ እንዳሉኝ። ከዚህም በላይ ብዙዎቻችን አንቲቦዲውን ከሚገባው በላይ አወፍረን ነው የምናፈስሰው። ወፍራም ሲሆን በየቦታው ይለጠፋል። ኑክሊዮፎስሚን በሕዋስ ውስጥ ብዙ ስለሆነ አቅጥኖ በተለያየ ደረጃ መሞከር ሥራውን ያጠራዋል፤ ብልቃጡንም ያበረክተዋል። ጠብታ ለመቆጠብ ብዬ ጠብታ ያባከንሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ጂን የተቆረጠለት ሕዋስ ከየት እናመጣለን የሚል ካለ፥ እውነት ነው፥ ለአብዛኞቻችን ያ ሩቅ ነው። ነገር ግን ሌላም መንገድ አለ። አክቲኖማይሲን ዲ የተባለ መድኃኒት በትንሹ ሲሰጥ የኑክሊዮለስን ሥራ ያስቆማል፤ ያን ጊዜ ቢ 23 ኑክሊዮለሱን ለቆ በኑክሊየሱ ውስጥ ይበተናል። አንቲቦዲዬ እውነተኛ ከሆነ ብርሃኑ አብሮ መበተን አለበት፤ ፍሞቹ ሳይነቃነቁ እዚያው ከቀሩ አንቲቦዲው የያዘው ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ መርዛማ ስለሆነ ያለ መምህር አይነካም። ፕሮቲኑን በጄል ላይ አውጥቶ በዌስተርን ብሎት ማየትም አለ፤ 38 ኪሎ ዳልተን አካባቢ አንድ ጥርት ያለ መስመር መታየት ሲገባው እንደ አጥር የተደረደረ መስመር ከወጣ ስለ ስላይዱ ማውራት ከንቱ ነው።

አንቲቦዲ ጨርሶ ለሌለው ደግሞ አንድ የድኻ ዘዴ አለ፥ በትምህርታችን ውስጥ አለመግባቱም ያናድደኛል። ቢ 23ና ሲ 23 ብር የሚወዱ ፕሮቲኖች ናቸው። አምሳ በመቶ የሆነ የሲልቨር ናይትሬት ውሃ ሁለት እጅ፥ ፎርሚክ አሲድ ጠብ የተደረገበት ቀጭን የጄላቲን ውሃ አንድ እጅ አቀላቅሎ በጨለማ ቦታ ለግማሽ ሰዓት ያህል በስላይዱ ላይ ማቆየት ነው። ኑክሊዮለሱ ጥቁር ነጥብ ሆኖ በቢጫ ኑክሊየስ ውስጥ ቁጭ ይላል። ለዚህ የሚያበራ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ የሽንኩርት ሥር ጫፍ ይበቃል። ከሁለቱ ፕሮቲኖች የትኛው እንደሆነ አይለይም፥ ይህን ማወቅ ይገባል። ነገር ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኑክሊዮለስን በገዛ እጁ አጥቁሮ ቢያይ፥ በሦስተኛው ዓመት አረንጓዴ ፍም ሲያይ እንደ እኔ በቶሎ አይደነግጥም።

ስለ መምህራኖቻችንም አንድ ነገር እላለሁ፥ በአክብሮት። ለጽሑፎቻችን ማርክ ሲሰጥ ያማረ ሥዕል ያቀረበ ከፍ ያለ ያገኛል፤ «ሞከርሁ፥ አንቲቦዲው አይሠራም፥ እነሆ ማስረጃው» ብሎ የሚመጣ ዝቅ ያለ ያገኛል። ተማሪ ደግሞ ማርኩ የሚወርድበትን መንገድ ፈጥኖ ይማራል። እኔ ጽሑፌን በመለስሁ ጊዜ ያጣሁት አንድ ሴሚስተር ነው። ይህን ያየ የታች ክፍል ተማሪ ከእኔ የሚማረው ምንድን ነው? ኮንትሮል መሥራትን ነው ወይስ ከኋላ ወንበር ጠያቂ መምህር በሌሉበት ቀን ማቅረብን?

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ለዲፓርትመንቱ እንዲያቀርብልን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንቲቦዲ ያለበት ጽሑፍ ሁሉ ያለ መጀመሪያ አንቲቦዲ የተሠራውን ሥዕል ከዋናው ጎን፥ በዚያው የብርሃን ልክ ተነሥቶ ያሳይ፤ የሌለው አይቀበሉት። የካታሎግና የምርት ቁጥሩ፥ የመጣበት እንስሳ፥ የቀጠነበት መጠን ይጻፍ። በፍሪዘሩ በር ላይ አንድ ደብተር በገመድ ይንጠልጠል፤ ማን እንደ ከፈተ፥ መቼ መብራት እንደ ጠፋ፥ አንቲቦዲው በምን ላይ ተሞክሮ ምን እንዳሳየ ይመዝገብበት። አዲስ ብልቃጥ በመጣበት ቀን በትንንሽ ቱቦ ይከፋፈል፥ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተርፍ። ደብተር፥ ገመድና እርሳስ ከውጭ አገር አይታዘዝም። አንቲቦዲው እንደማይሠራ በትክክል ያሳየ ተማሪም እንደሚሠራ ካሳየው እኩል ማርክ ያግኝ። በዚህ የመጨረሻው ላይ አንዳንድ መምህራን እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍበት ደስ ይለኛል።

እኔ በበኩሌ ደብተሩን ጀምሬዋለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው የራሴ ብልቃጥ ነው። ሁለቱ ስላይዶች፥ የተጨበጨበለትና ያልተጨበጨበለት፥ በማይክሮስኮፕ ክፍል ባለው መሳቢያ ውስጥ «1» እና «2» ተብለው ተቀምጠዋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሆን ብዬ አልጻፍሁባቸውም። ከቅዳሜ በቀር ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እዚያ ስለምገኝ ለይቶ አውቃለሁ የሚል መጥቶ ይሞክር።